የአሚኖ አሲድ ሰፕልመንት፦ የሚገዛው ሌላ፣ የጎደለበት ሌላ

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ሻንጣ ሲከፈት፣ ከቫይታሚኑና ከዓሣ ዘይቱ ጎን አሁን አሁን የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) ብልቃጥ አይጠፋም። ጂም የሚመላለሰው ወጣት ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ይጠጣል፤ እናት «ለጉልበትሽ ነው» ተብላ እንክብሉን ከቁርስ በኋላ ትውጣለች፤ ጸጉሯ የሳሳባት፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ከንፈሩ ላይ ምች የሚመላለስበት ሁሉ የየራሱ ብልቃጥ ተዘጋጅቶለታል። ነገሩ መድኃኒት ነው እንዳይባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፣ ምግብ ነው እንዳይባል በሚሊግራም ተለክቶ ይዋጣል።

ብልቃጡን አዙሮ ጀርባውን ማንበብ ይጠቅማል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ፊት ለፊቱ ላይ ጡንቻን ስለ መገንባት፣ የበሽታ መከላከል አቅምን ስለ መደገፍ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ጀርባው ላይ ግን ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህ አባባል በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልተመዘነም። ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» ይላል። ይህን ያስጻፈው በ1994 የወጣው የአሜሪካ የሰፕልመንት ሕግ ነው (አዋጅ ከምጠቅስበት ቦታ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሕግ መሠረት አምራቹ ምርቱ እንደሚሠራ ከሽያጭ በፊት ለመንግሥት ማስመስከር አይጠበቅበትም፤ ተቆጣጣሪው በአብዛኛው እጁን የሚያስገባው ዕቃው ገበያ ከገባ፣ አንዳንዴም ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ «ከአሜሪካ ነው የመጣው» ሲባል የሚሰማን መተማመን፣ ቢያንስ በዚህ ዕቃ ላይ፣ መሠረቱ ስስ ነው። በአገር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለ። በዘመድ ሻንጣ የሚገባውን ግን ማንም አይመዘግበውም።

ለመሆኑ ሰውነት ከዚህ ነገር ምን ይፈልጋል? ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። 11ዱን ሰውነት ራሱ ያዘጋጃል። የቀሩት 9 ግን ከምግብ ካልመጡ አይገኙም፤ እነሱም ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜቲዮኒን፣ ፊኒልአላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋንና ቫሊን ናቸው። ስብ በሆድ ዙሪያ ይጠራቀማል፣ ስኳርም በመጠኑ በጉበትና በጡንቻ ይቀመጣል፤ ለትርፍ አሚኖ አሲድ ግን ጎተራ የለንም። ከሚፈለገው በላይ የገባው ናይትሮጅኑ ይነጠልና ዩሪያ ሆኖ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል፤ የቀረው እንደ ማንኛውም ምግብ ይቃጠላል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል። ስለዚህ «ጥሩ ነገር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። ጥሩማ ነው፤ ያለ እሱ አንኖርም። መጠየቅ ያለበት ጎድሎናል ወይ ተብሎ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2007 ባወጡት መመዘኛ አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊግራም ላይሲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.8 ግራም ማለት ነው። ከዘጠኙ ላይሲንን የመረጥኩት በእህል ውስጥ ቀድሞ የሚያጥረው እሱ ስለሆነ ነው። ስንዴም፣ በቆሎም፣ ማሽላም በላይሲን ድሆች ናቸው፤ ጤፍ ሻል ይላል እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ0.3 እስከ 0.4 ግራም ላይሲን ቢሰጥ ነው። ጥሬ ምስር ግን በ100 ግራም 1.7 ግራም ገደማ፣ ሽምብራ ደግሞ 1.4 ግራም ገደማ ይይዛል። እንግዲህ በቀን 200 ግራም ዱቄት የወጣው እንጀራ፣ 75 ግራም ምስር ከገባበት ወጥ ጋር የበላ ሰው ወደ 2 ግራም ላይሲን አግኝቷል። ጥቂቱ ሳይፈጭ ስለሚያልፍ ሂሳቡን ግጥም አድርጎ መያዝ አይገባም፤ ግን ሰውም ቀኑን ሙሉ ይህን ብቻ በልቶ አይውልም። ጥራጥሬ በበኩሉ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ እሱን ደግሞ ጤፉ ይሞላዋል። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ሳይቀምስ የሚያሳልፍ ጤነኛ ጾመኛ፣ ሽሮውና ምስሩ እስካልተጓደለ ድረስ፣ በአሚኖ አሲድ በኩል ብዙም የሚያሰጋው ነገር የለም። የሚያሰጋው በሻይና በደረቅ ዳቦ የሚውለው ነው።

አንድ የላይሲን እንክብል ደግሞ ብዙውን ጊዜ 500 ሚሊግራም ነው። ይህ በአንድ እንቁላል ውስጥ ካለው ብዙም አይርቅም፤ 30 ግራም ጥሬ ምስርም ያንኑ ይሰጣል። 30 ግራም ምስር ግማሽ የቡና ሲኒ አይሞላም። ይህንን ሂሳብ ሠርቼ ካየሁ ወዲህ የብልቃጡን ዋጋ ስሰማ የምስር ዋጋ ትዝ ይለኛል፤ ምስርም ርካሽ አይደለም ዛሬ፣ ቢሆንም።

ለምች ላይሲን ይዋጣል የሚባለው ከየትም የመጣ አይደለም። ምችን የሚያመጣው ቫይረስ እንዲባዛ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ያስፈልገዋል፤ ላይሲን ደግሞ በቤተ ሙከራ ከአርጂኒን ጋር ይሻማል። ሐሳቡ ያምራል። ነገር ግን የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም በ2015 ሲመረምረው፣ ላይሲን መውሰድ ምች እንዳይመለስ እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በዚህ ገበያ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ይኸው ነው፤ በወረቀት ላይ የሚያምር ምክንያት ወደ ሰው ሲመጣ ይሟሽሻል።

ጂም ውስጥ ስሙ የገነነው «ቢሲኤኤ» የሚባለው ዱቄት ነው፤ ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን፣ ተቀላቅለው። ከእነዚህ ሉሲን በእርግጥም ለጡንቻ ሴሎች «ሥራ ጀምሩ» የሚል ምልክት ይሰጣል። ችግሩ ምልክቱ ብቻውን ጡንቻ አለመሥራቱ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ለማቆም ጭድ በጋሪ ጭኖ ያመጣ ሰው ጭቃውና ማገሩ ከሌለው ግድግዳው አይቆምለትም፤ ቢሲኤኤም እንዲሁ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ ያመጣል፤ ስድስቱ ከምግብ ካልመጡ ሰውነት ያለውን ጡንቻ እያፈረሰ ይፈልጋቸዋል። ሮበርት ዎልፍ የተባሉ አሜሪካዊ የፕሮቲን ተመራማሪ በ2017 ማስረጃውን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ቢሲኤኤ ብቻውን በሰው ላይ ጡንቻ ይጨምራል የሚለው አባባል መሠረት የለውም ብለው ደመደሙ። ፕሮቲን ያለው ምግብ በሚገባ የሚበላ ስፖርተኛ ደግሞ ሦስቱንም ከምግቡ አግኝቷቸዋል። ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አይበቃም፣ ወይ አያስፈልግም።

ስለ ዱቄት ከተነሳ በፕሮቲን ዱቄት ላይ የሚፈጸመው የማጭበርበር ዘዴም መነገር አለበት። በተለመደው ምርመራ ፕሮቲን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፣ ያም በ6.25 ይባዛል። ይህን የሚያውቅ አምራች ውድ የሆነውን የወተት ፕሮቲን ቀነስ አድርጎ እንደ ግላይሲንና ታውሪን ያሉትን ርካሽ ነጠላ አሚኖ አሲዶች ይጨምርበታል። መለኪያው ናይትሮጅን አየ፣ ብልቃጡ ላይ «25 ግራም ፕሮቲን» ተጻፈ፣ ጡንቻ ግን ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው ከፊሉ ብቻ ሆነ። በ2008 በቻይና የሕፃናት ወተት ላይ ሜላሚን የተባለው ናይትሮጅን የበዛበት ኬሚካል የተጨመረው በዚሁ የናይትሮጅን ቀዳዳ በኩል ነበር፤ ያኛው ሕፃናትን ገደለ። የዱቄቱ ማጭበርበር ኪስን እንጂ ነፍስን አይነካም፤ ቢሆንም መግለጫው ላይ ከፕሮቲኑ ስም ቀጥሎ ግላይሲን ወይም ታውሪን ለብቻው ተጠቅሶ ያየ ሰው መጠርጠር ይገባዋል። ለቆዳና ለጸጉር የሚሸጠው ኮላጅንም በምግብነቱ ጎደሎ ነው፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው ጨርሶ የለበትም፤ «ፕሮቲኔን ከኮላጅን አገኛለሁ» ማለት አይቻልም።

«ካልጠቀመ አይጎዳም» የሚለው አስተያየት ከሁሉ ይበልጥ የተለመደ ነው። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይልም።

በ1989 መጸው በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ሐኪሞች ያልተለመደ ሕመም ያዩ ጀመር። የታመሙት ሰዎች ጡንቻቸው እስኪንቀጠቀጡ ያማቸው ነበር፤ በደማቸው ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ከመጠን በላይ በዝቶ ተገኘ። በምን ይመሳሰላሉ ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት ኤል-ትሪፕቶፋን ይወስዱ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ምርቱ ከገበያ እንዲነሳ ታዘዘ። በጠቅላላው ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመዋል፣ ቢያንስ 37 ሞተዋል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ለዓመታት በነርቭና በጡንቻ ሕመም ተሰቃይተዋል። ምርመራው ወደ አንድ የጃፓን ፋብሪካ፣ ወደ ሾዋ ዴንኮ፣ አመራ። ፋብሪካው ትሪፕቶፋኑን የሚያመርቱለትን ባክቴሪያዎች ቀይሮ፣ የማጣሪያ ከሰሉንም ቀንሶ ነበር፤ በምርቱም ውስጥ በጥቂቱ ባዕድ ነገሮች ተገኙ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ትሪፕቶፋን በዶሮም፣ በምስርም፣ በወተትም ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን ነው። ምስር በልቶ በዚህ በሽታ የተያዘ የለም። ያሳመመው ንጥረ ነገሩን ከምግብ ነጥሎ በፋብሪካ ማምረቱና ጥራቱን የሚጠብቅለት መጥፋቱ ነው።

አርጂኒንም ሌላ ታሪክ አለው። የደም ሥር ያሰፋል ተብሎ ለልብና ለወንድነት ይሸጣል። ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ የነበሩ ሐኪሞች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) መትቷቸው የተረፉ 153 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሹ አርጂኒን፣ ለግማሹ የማስመሰያ ክኒን ሰጡ። ውጤቱ በ2006 ሲወጣ አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሞተዋል፣ ከሌላው ወገን አንድም አልሞተም፤ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ተቋርጦ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ «አርጂኒን ይገድላል» ብሎ ለመደምደም አይበቃም፤ «ለልብ ጥሩ ነው» ብሎ ለመሸጥ ግን ከበቂ በላይ እንቅፋት ነው።

ግሉታሚን ደግሞ ሁለት ፊት አሳይቷል። በ2013 የወጣ፣ 1,223 በጠና የታመሙ የጽኑ ሕክምና ክፍል ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ላይ ግሉታሚን ከተሰጣቸው የሞቱት ካልተሰጣቸው ይልቅ በዙ። ይኸው ግሉታሚን ግን በ2017 የሲክል ሴል የደም ሕመም ላለባቸው ሰዎች መድኃኒት ሆኖ በአሜሪካ ተፈቀደ። ነጠላ አሚኖ አሲድ በግራም ሲወሰድ ጠባዩ ከምግብ ይልቅ ወደ መድኃኒት ያደላል፤ ለትክክለኛው በሽተኛ፣ በትክክለኛው መጠን፣ በሐኪም ዓይን ሥር ይሠራል። «ለዕለት ጤና» ተብሎ ሲወሰድ ግን እነዚህ ሦስቱም የሉም።

ከሰሞኑ መነጋገሪያ የሆነው ታውሪን ነው። ፕሮቲን አይሠራበትም፤ ግን በሥጋና በዓሣ ውስጥ አለ፣ በ250 ሚሊሊትር ቆርቆሮ ሬድ ቡል ውስጥም 1 ግራም ይገኛል። በ2023 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ታውሪን የተሰጣቸው አይጦች ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 በመቶ እንደረዘመ፣ በሰውም ታውሪን ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ ሲገልጽ ብልቃጡ ገበያ ላይ ደራ። በሰኔ 2025 በዚያው መጽሔት ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሰዎችን፣ ዝንጀሮዎችንና አይጦችን ለዓመታት ተከታትለው ያገኙትን አወጡ፦ ታውሪን ከእርጅና ጋር የግድ አይቀንስም፤ በአብዛኛው ባለበት ይቆያል ወይም ይጨምራል። የመጀመሪያውን ዜና የሰማው ሰው ሁሉ ሁለተኛውን አልሰማም፤ ሻጭም አይነግረውም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተለይ መጠንቀቅ አለበት። ለፓርኪንሰን ሌቮዶፓ የሚወስድ አዛውንት አሚኖ አሲድ አብሮ ቢውጥ ሁለቱ አንጀት ላይና አንጎል በር ላይ ስለሚሻሙ መድኃኒቱ ይደክምበታል። ለድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትሪፕቶፋን ከጨመረበት ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ አልፎ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያመጣበት ይችላል። የደም ግፊት ክኒን ላይ አርጂኒን ሲደረብ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ያ ሁሉ ትርፍ ናይትሮጅን የሚወጣው በዚያው በደከመው ኩላሊት መሆኑን ማወቅ አለበት። ሐኪም «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲል ብልቃጡ መጠቀስ ያለበት ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን «እሱማ ቫይታሚን ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እውነተኛ ጉድለት ያለባቸው ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። አንዱ ወገን አዛውንቶች ናቸው። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ስለዚህ የእርጅና ሕክምና ባለሙያዎች ለአዋቂ ከሚባለው 0.8 ግራም ይልቅ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ለአዛውንት ይመክራሉ። 50 ኪሎ የምትመዝን አያት ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋታል ማለት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ፣ ጥርሷም አልቆ፣ በቁራሽ እንጀራ ለምትውል አያት ይህ ቀላል አይደለም። ለእሷ እንቁላል፣ እርጎ፣ በጾም ወራት ለስለስ ያለ ሽሮና የአተር ሾርባ፣ ካልሆነም ሙሉ የፕሮቲን ዱቄት ይጠቅማታል፤ በጥቂቱ መራመድና ከወንበር መነሳት መቀመጥ ሲታከልበት ደግሞ ይበልጥ። ሦስት አሚኖ አሲድ የያዘው እንክብል ለእሷም ቢሆን አጭር መንገድ አይሆንም።

ሌላውና ሰፊው ወገን ሰፕልመንት መኖሩንም አልሰማም። በማላዊ ገጠር በ313 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2016 የወጣ ጥናት የቀነጨሩት ልጆች በደማቸው ውስጥ ዘጠኙም አሚኖ አሲዶች ካልቀነጨሩት ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ምግባቸው በአብዛኛው በቆሎ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ተቅማጡም፣ ንጹሕ ውሃ ማጣቱም፣ የእናት ጤናም አለበት፤ ግን በቆሎ ገንፎ ብቻ የሚበላ ልጅ ላይሲንና ትሪፕቶፋን እንደሚያጥረው ጥርጥር የለውም።

አሚኖ አሲድ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነም ከእኛው ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። ጓያ እግር የሚያሽመደምደው ኦዳፕ በተባለ አሚኖ አሲድ ምክንያት ነው፤ ይኸኛው ፕሮቲን የማይሠራበት፣ ነርቭን የሚጎዳ ዓይነት ነው። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያ ግን ይበቅላል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ወጣት በአንድ ሌሊት እግሩ ይያዛል፣ አይድንም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወሎ ደላንታ ላይ ይህ ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜ ሁኔታውን ያጠኑት ኢትዮጵያዊው ሐኪም ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ነገር ለዚህ ርእስ ቅርብ ነው፦ ጓያውን ድኝ አዘል አሚኖ አሲዶች ካሉበት እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ሰዎች የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። በረሃብ ጊዜ እርዳታ እህል ቶሎ ቢደርስ ረሃብ ከማስታገስ አልፎ እግርን ያድናል ማለት ነው።

የበቆሎውንም ጉድለት በእህሉ ውስጥ መሙላት ይቻላል። በ1964 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲንና ትሪፕቶፋኑ ከተለመደው እጥፍ የሚጠጋ የበቆሎ ዓይነት ይፋ አደረጉ። ፍሬው ለስላሳ፣ ነቀዝ የሚወደው፣ ምርቱም ዝቅ ያለ ነበርና ገበሬ አልተቀበለውም። ሜክሲኮ ያለው ሲሚት የምርምር ማዕከል ውስጥ ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ ለዓመታት ለፍተው ፍሬውን አጠነከሩት፤ በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙበት። ኢትዮጵያም «ገቢሳ» የሚባለውን ዲቃላ ከ2000 በኋላ ለገበሬው አወጣች፣ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። ያልተፈታው ችግር ማሳው ላይ ነው። ጠባዩ ከሁለቱም ወላጅ መምጣት ስላለበት የጎረቤት ተራ በቆሎ ብናኙ ነፍሶ ከደረሰበት ጥራቱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ዘሩን በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ሲፈጭም ሲቀቀልም ደግሞ ከተራው በቆሎ በዓይን አይለይም፤ ገበያ ሲወጣ ነጋዴ የሚገዛው በተራ በቆሎ ዋጋ ነው፣ ገበሬውም ለአዲስ ዘር የሚያወጣውን ትርፍ ብር ከየት እንደሚመልሰው አያውቅም።